መንገድ ላይ የቀረው ወንድሜ

ወንድሜ እንግዳው መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ኋላ ሄደን ያመጣነው ልጅ ነው ብዬ ብዙ ዘመን አምኜ ኖሬአለሁ። ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት፤ አባቴና ጋሽ ሸዕባን የፒክአፓችንን የጎን ብረት ሲያስሩ፣ እኔ ጋቢናው ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ከወለሉ ሥር የሚመጣውን ወሬ ሳዳምጥ።

ያኔ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ጥርባ ከሚባለው ቦታ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ድንች በሚበቅልበት ደጋ ላይ ነበር። አባቴ ተሻገር በዚያች አሮጌ ፒክአፕ ድንችና ከሰል እየጫነ ቆሰበር ከተማ ይወስዳል። ሲመለስ ጨው፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ሰው ይጭናል። በሰፈሩ ሌላ መኪና ስላልነበረ የታመመም፣ የሚዳርም፣ ገበያ የረፈደበትም የሚመጣው እኛ ቤት ነው።

መኪናችን የምትከፈተው በሹፌሩ በር ብቻ ነበር። በወዲያኛው በኩል በር ነበራት፣ ግን ሞቶ የተቀበረ በር ነው። ሁሉም ሰው በአባቴ በኩል ይገባና ማርሹን ተሻግሮ እየተንፏቀቀ ወደዚያኛው ጫፍ ይሄዳል። እኔ መኪና ሲሠራ እንደዚያ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ቆሰበር ሄጄ ሰዎች በግራም በቀኝም በር ሲወርዱ ሳይ፣ የእነሱ መኪና የተበላሸ መሰለኝ።

በሩ ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት እስኪገባ ድረስ በደንብ ይከፈት እንደነበር የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ስለዚያ ክረምት የማስታውሰው ትንሽ ነው። እናቴና አባቴ ልጅ ሊያመጡልኝ ቆሰበር ጤና ጣቢያ ሊሄዱ መሆኑ ተነገረኝ። ልጅ ከየት እንደሚመጣ ሌላ የነገረኝ ስላልነበረ፣ ጤና ጣቢያ ልጅ የሚሰጥበት ቤት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሄዱ። እኔ ከአባቴ እህት ከአክስቴ ሸጋ ጋር ቀረሁ። ሲመለሱ ልጅ አልያዙም። እናቴ ብዙ ጊዜ ተኛች። የጎረቤት ሴቶች እየመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተቀመጡ። ልጁ የት አለ ብዬ አክስቴን ስጠይቃት፣ እጄን በቆሎ ሞልታ ውጪ ሄጄ እንድጫወት ነገረችኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኩም። ምናልባት ጤና ጣቢያው ልጅ ጨርሶ ይሆናል አልኩ፤ አባቴም አንዳንድ ቀን ሳሙና አልቋል ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ዝናቡ ጠንክሮ ሳይገባ በግንቦት፣ አባቴ አንድ ጠዋት ጋሽ ሸዕባንን ከቆሰበር ይዞት መጣ። ጋሽ ሸዕባን ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺሙ በእኩል የተከረከመ። የአባቴ ወዳጅ ነበር። እኛ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአዊኛ ነው። እሱ ግን የሚችለው አዊኛ ለገበያ ያህል ብቻ ስለነበረ፣ እሱ የመጣ ቀን የቤቱ ወሬ ሁሉ አማርኛ ይሆናል። እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። አማርኛዬ ከመኪናው ጭነት ላይ የለቀምኩት ነበር፤ ጆንያ፣ ሚዛን፣ ጫን፣ አውርድ፣ ቀረ።

ከመኪናው ላይ ሁለት ወፋፍራም የብረት ቱቦዎች አወረዱ። እያንዳንዳቸው መኪናዋ ከበሮቿ ሥር ካላት ርዝመት ጋር እኩል ናቸው። ከጎናቸው አጫጭር ክንዶች ወጥተው፣ በክንዶቹ ጫፍ ላይ የተበሳ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አለ። አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብተው ስለነበር ሽታቸው ግቢውን ሞላው። ጋሽ ሸዕባን እንዲህ ዓይነቱን ብረት የመንገድ ሥራ መኪናዎች ላይ አይቶ፣ ልኩን ወስዶ ሱቁ አጠገብ ባለ በያጅ አሠርቶት ነው። በኋላ እንደገባኝ፣ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ስትወጣ የጎኗን ቆርቆሮ ትቶ ይህ ብረት ይቀበላታል፤ ድንጋዩ ላይ ተሰክታ ከመቆም ይልቅ በብረቱ ላይ ተንሸራታ ታልፋለች። እዚያው ከመኪናዋ አካል ጋር ለምን አይበየድም ብላ አክስቴ ስትጠይቅ፣ አባቴ ሻንሲው እሳት ከነካው ይደክማል፣ በብሎን ነው የምናስረው አላት። ሻንሲ የሚለውን ቃል ያን ቀን ሰማሁት፤ መኪናዋ የተቀመጠችበት አጥንት ነው።

ከብረቱ በፊት ግን በሩ ነበር። የወዲያኛው በር የታችኛው ጠርዝ ከሥሩ በተነሳ ቆርቆሮ ተነክሶ ተይዟል። ረጅም ብረት ሰክተው ሁለቱም እስኪንጠለጠሉበት ድረስ ወደ ታች ተጫኑት። ጣውላ ደግፈው በመዶሻ መቱት። እንደገና ተጫኑት። አባቴ እጀታውን ይዞ ሲስብ በሩ እንደ በሬ አገሳና ተከፈተ።

እናቴ አይናለም በዚያው ሰዓት የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ይዛ ከቤት እየወጣች ነበር። ቆመች። በተከፈተው በር በኩል ወንበሩን አየችው። ሳህኑን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ጋቢዋን ወደ ላይ ሰብስባ ወደ ቤት ተመለሰች። አክስቴ ተከተለቻት። አባቴ መዶሻውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። እናቴ የተናደደች መሰለኝ። እዚያ ጥግ መቀመጥ ስለምትወድ፣ አሁን ንፋስ ሊገባባት ነው ብዬ አሰብኩ።

ባለፈው ክረምት ምጥ ይዟት የተኛችው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ወደ ቆሰበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ውስጥ መኪናዋ አዳልጧት ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ፣ ጎኗ ተጨራምቶ በሩን ቆለፈው። አባቴና ቆርቆሮ አድርሶ አብሯቸው ይመለስ የነበረው ጋሽ ሸዕባን ውኃ ውስጥ ገብተው መኪናዋን ሊያነሷት ታገሉ። አልሆነም። እናቴን በማርሹና በመሪው ላይ አሳልፈው በሹፌሩ በር አወጧት። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር።

አባቴ ተከትሏት ቤት ገብቶ ትንሽ ቆየ። በአዊኛ ቀስ ብሎ ሲያወራ ይሰማኛል፣ ቃሉን ግን አልያዝኩትም። ከዚያ እናቴ ወጣች። ማንንም ሳታይ በመኪናዋ ዙሪያ ሄደች፣ በዚያው በር ገባችና ተቀመጠች። ዘጋችው። ከፈተችው። እንደገና ዘጋችው፣ ከፈተችው። አባቴ መሬቱን እያየ ይጠብቃል። እኔ እናቴ መጫወት ጀመረች ብዬ ደስ አለኝና ሮጬ ሄጄ፣ ተራ ስጪኝ አልኳት። ወርዳ ሰጠችኝ። ለሁላችንም ድንቹን ያቀረበችው ከዚያ በኋላ ነው። በልተን ስንጨርስ ጋሽ ሸዕባን እንዲህ ያለ ድንች ቆሰበር አይገኝም አለ፤ እናቴ እሱ የሚበላው ድንች ሁሉ ከዚሁ የሚሄድ መሆኑን ነገረችው። ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች።

ከሰዓት በኋላ ብረቱን ማሰር ጀመሩ። እኔ ያገኘሁትን በር ላለመልቀቅ ጋቢናው ውስጥ ቀረሁ። ማርሹ የሚወጣበት ጎማ ተቀድዶ ስለነበር፣ በሆዴ ስተኛ በቀዳዳው ብርሃን ይታየኛል፤ የአባቴ ክንድ፣ የጋሽ ሸዕባን ጺም፣ የሽቦ ብሩሽ። የደረቀውን ጭቃ ከሻንሲው ላይ ሲፍቁት አቧራው ወደ እኔ ይመጣና ያስነጥሰኛል። የዘይትና የዛገ ብረት ሽታ አለ። አንዱ ብረት ቶሎ ልኩን አገኘ። ሌላው እምቢ አለ። ቀዳዳው ከቀዳዳ ጋር አልገጥም ብሎ ጋሽ ሸዕባን በክብ ሞረድ ሲያሰፋው ብዙ ቆየ። መብራት ስላልነበረን ሁሉም በእጅ ነው። ከዚያ ደግሞ አባቴ ብሎኑ በሚያልፍበት የፍሬን ቱቦ አለ ብሎ አስቆመው። ቱቦው እንዳይጨፈለቅ ጠፍጣፋውን ብረት አዙረው በሌላ ጎኑ አስገቡት። ጋሽ ሸዕባን አንዱን ዳዶ አጥብቆ ሊጨርሰው ሲል አባቴ ሁሉም ብሎን ሳይገባ እንዳያጠብቅ ነገረው፤ አንዱ ከጠበቀ ሌላው ቦታውን ያጣል።

ይህን እያዳመጥኩ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር። በመሃል የብሎን መፍቻው ድምፅ ቆመና ጋሽ ሸዕባን ከሥር እንዲህ አለ።

«ያን ጊዜ ይህ ብረት ቢኖረን ኖሮ ድንጋዩ ላይ አንቀመጥም ነበር። ልጁም መንገድ ላይ አይቀርም ነበር።»

አባቴ አንድ ዳዶ በጣቱ አሽከርክሮ አስገባ።

«አይቀርም ነበር» አለ።

«ዘንድሮ አላህ ካለ ይዘነው እንመጣለን።»

«አሜን።»

መፍቻው እንደገና መጮኽ ጀመረ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ ነቅቻለሁ። ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ጤና ጣቢያው ልጁን ሰጥቷቸው ነበር፤ ሲመለሱ መንገድ ላይ ቀረ። «ቀረ» የሚለውን ቃል አሳምሬ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን አንድ ጆንያ ድንች ከመኪናው ወድቆ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ አባቴ በማግስቱ ሄዶ ከወደቀበት አንስቶት መጥቷል። ጆንያው ምንም አልሆነም። ስለዚህ አልደነገጥኩም። ያሳሰበኝ ይህን ያህል ጊዜ ማን እያበላው ነው የሚለው ብቻ ነበር። በመንገዳችን ላይ ትልልቅ ድንጋይ ያለው ወንዙ ጋ ነውና፣ እዚያ ካሉት ቤቶች አንዱ አስጠግቶት ይሆናል አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ተኝታ የሰው ወሬ ታዳምጣለች እንዳልባል።

አመሻሽ ላይ ሁለቱም ብረቶች ታሰሩ። አባቴ ክሪኩን ከሻንሲው ሥር ሳይሆን ከአዲሱ ብረት ሥር አድርጎ አነሳ። የመኪናዋ አንድ ጎን በሙሉ በብረቱ ተንጠልጥሎ ከመሬት ተላቀቀ። ብረቱ አልተነቃነቀም። አባቴ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ዳዶ በጣቱ ዳሰሰ፤ ጋሽ ሸዕባንም ተከትሎት ዳሰሰ። የሁለቱም ፊት ሸክሙን ያወረደ ሰው ፊት ሆነ። እናቴ በራፉ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች።

እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጋቢዋን ቀን ከሌት ደርባ ስለምትውል እኔ አላወቅኩም። ባለፈው ዓመት ሁሉም በደስታ ያወራው የነበረውን ነገር ዘንድሮ ማንም በአፉ አያነሳውም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን ለመቀበል ተዘጋጀሁ። ያጠረኝን ቁልፍ ያለው ሹራብ አጣጥፌ ራስጌዬ ሥር አኖርኩ። በመኪና ሲመጣ ይበርደዋል። አክስቴን የወንዙ ማዶ ሰዎች አዊኛ ይችሉ እንደሆነ ጠየቅኳት። ምን አገባሽ አለችኝ። አማርኛ ብቻ ለምዶ ከሆነ ማን ያስተረጉምለታል ብዬ ነበር።

ቀኑ የመጣው በሐምሌ ነው። ሲያነጋ ዘንቦ አባርቷል፤ ከጉሙ የተነሳ ከአጥሩ ወዲያ አይታይም። ስነሳ አባቴ ሞተሩን ያሞቃል፣ አክስቴ ልብስ ትጠቀልላለች፣ እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። ወዴት እንደሆነ ስጠይቅ አባቴ ልጅ ልናመጣ ነው አለኝ። ሹራቤን ይዤ ቀድሜ ገባሁ። ውረጂ ተባልኩ፤ ወንበሩን ጨብጬ እምቢ አልኩ። ለክርክር ጊዜ አልነበረም። እናቴ ብረቱን ረግጣ በራሷ በር ገባች። እኔን አክስቴ ሸጋ ታፋዋ ላይ አስቀመጠችኝ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ አባቴ መኪናዋን አቁሞ ወረደ። ውኃው ጫፍ ድረስ ሄዶ አየ። ተመልሶ ሲገባ አማተበ። ቀስ ብለን ወረድን። ውኃው ከጎማው ጋር ሲታገል ይሰማል። መሃል ላይ መኪናዋ በእናቴ በኩል ዘንበል አለች። ከሥራችን ብረት ከድንጋይ ጋር ተጋጨና ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አወጣ። ቆምን መሰለኝ። አክስቴ የእመቤታችንን ስም ጠራች። አባቴ ነዳጁን አልለቀቀም። መኪናዋ በብረቱ ላይ እየተፋጨች፣ እየተንሸራተተች ሄደችና ከድንጋዩ ወርዳ ጎማዋ መሬት ያዘ። ወደ ማዶው ዳገት ወጣን። አባቴ ለረጅም ጊዜ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ሲለቅ ሰማሁት።

እኔ በኋላው መስታወት ወንዙን እያየሁ ነው። ቤቶቹ አለፉ። አንድም ልጅ የያዘ ሰው አልወጣም። አባቴም አላቆመም።

«አባ፣ ቁም! ልጁን አልፈነው ሄድን!»

አባቴ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። አክስቴ የምን ልጅ ነው የምታወሪው አለችኝ።

«መንገድ ላይ የቀረው። ጋሽ ሸዕባን ዘንድሮ ይዘነው እንመጣለን ብሏል።»

ሞተሩ ብቻ ይንተከተካል። አክስቴ አፌን በእጇ ያዘችው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ በበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ዓይኗን ከፈተች። ወደ እኔ ዞረች፣ የአክስቴንም እጅ ከአፌ ላይ አነሳችው።

«እዚህ የለም» አለችኝ። «ጤና ጣቢያ ወስደውታል። እዚያ ነው የሚጠብቀን።» ከዚያ ወደ አባቴ፣ «ተሻገር፣ ንዳ» አለች።

ነዳ።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአባቴ ጋር ተቀመጥኩ። ጋሽ ሸዕባን ሱቁን ዘግቶ መጣና በሌላው ጎኔ ተቀመጠ። ብስኩት ገዛልኝ። ሁለቱ ስለ ድንጋዩና ስለ ብረቱ ጥቂት አወሩ። ብስኩቱን ጨርሼ፣ እንቅልፍም ወስዶኝ ስነቃ፣ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ የአይናለም ቤተሰብ አለች።

ወንድሜን ሳየው ከፋኝ። በጣም ትንሽ ነበር። ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ኖሮ ምንም አላደገም፤ ሳያበሉት እንደከረሙ ገባኝና የወንዙን ማዶ ሰዎች ጠላኋቸው። ሹራቡ ሦስት ልጅ ያስገባ ነበር። እናቴ እሱንም ሹራቡንም ደረቷ ላይ አስተኛቻቸው። አክስቴ እንግዳው እንበለው አለች። እኔ ተቃወምኩ። እንግዳ አይደለም፣ የእኛ ነው፣ ዘግይቶ ነው እንጂ አልኳቸው። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሳቀ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ።

ሰፈር ስንመለስ ለመጣው ሁሉ የነገርኩት እኔ ነኝ። ጠፍቶ የነበረው ልጅ ተገኘ አልኩ። ሴቶቹ ቀና ብለው እናቴን ያያሉ። እናቴ እንግዳውን እያጠባች፣ «ልክ ናት» ትላለች። አንድም ሰው አላረመኝም።

መቼ እንዳወቅኩ በትክክል አላስታውስም። አንድ ቀን ነግሮኝ የተነሳ ሰው የለም። ትምህርት ቤት ስገባ፣ አማርኛዬ ሲሰፋ፣ «መንገድ ላይ ቀረ» ስለ ሰው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ስሰማ፣ ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠልኝ። ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ። የመጀመሪያው መኪናዋ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ተወልዶ፣ ቆሰበር ሳይደርስ ሞተ። እንግዳው ሌላ ልጅ ነው። እሱ ዛሬ ከአባቴ ይረዝማል፤ ድንቹን የሚጭነውም እሱ ሆኗል። ስለ ሕፃንነቱ ስንነግረው ይስቃል፣ ሳያበሉኝ የከረሙት የታሉ ይለኛል።

አሁን የምኖረው ዳንግላ ነው። አምና የመጀመሪያ ልጄ ሊወለድ ሲቃረብ እናቴ ልታርሰኝ መጣች። አንድ ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀምን፣ ያን ቀን መኪና ውስጥ ለምን እንደዚያ ብላ እንደመለሰችልኝ ጠየቅኳት። ብዙ ጊዜ ልጠይቃት ፈልጌ ትቼው ነበር።

እጇን ከምስሩ አላነሳችም።

«ከቤት ስወጣ ጀምሮ ይኸኛውም አይተርፍም ብዬ ነበር» አለችኝ። «በሩ ይከፈታል፣ ብረቱ ታስሯል፣ ወንዙንም ተሻግረናል። ልቤ ግን እዚያው ነው ያለው፣ ያለፈው ክረምት ላይ። አንቺ ስትጮኺ ዝም ላሰኝሽ ብዬ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ተናግሬው ስጨርስ ራሴ ሰማሁት። እዚያ ይጠብቀናል። እና አመንኩት።»

«ሰፈር ሰው ፊትስ፣ ልክ ናት የምትዪው?»

«አንቺ በምታወሪው ውስጥ የሞተብኝ ልጅ አልነበረም» አለች። «ማን ያንን ያርማል?»

ምስሩን አንጓለለችና ልታጥበው ተነሳች። ማታ ከባሌ ጋር ስለ ድንች ዋጋ ስታወራ አመሸች፤ ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አልተነጋገርንም።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ እናቴ ቤት ውስጥ አልነበረችም። ነጠላዋም ከምስማሩ ላይ የለም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ይሆናል ብዬ ቁርስ ማቀራረብ ጀመርኩ። ፀሐይ ሞቅ ስትል አጥሩን ከፍታ ገባች፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ከእኛ ቤት እኔ እስከምወልድበት ሆስፒታል ድረስ በእግሯ ሄዳ ተመልሳለች። ኮብልስቶኑ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ አስፋልቱ የት እንደሚጀምር አይታለች። ባጃጆቹ ማለዳ ከየት እንደሚነሱ፣ ሰው ሲታመም ስልክ ቢደወልላቸው ይመጡ እንደሆነ አንዱን ባለ ባጃጅ አቁማ ጠይቃዋለች። ስሙንም ስልኩንም ይዛ መጥታለች።

ጫማዋን አራግፋ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ደህና መንገድ ነው» አለችኝ። እጇን ታጠበችና አብረን ቁርስ በላን።